ጃሉትን ትተን ቄቧን ወሰድን

ልጄ ከእናቴ ጋር የሚያወራው አልነበረውም። ፍራንክፈርት ተወልዶ እዚያው 12 ዓመት ሞላው፤ አማርኛ ይሰማል፣ ለመናገር ግን ያፍራል። በስልክ «ደህና ነሽ እማማ?» «ደህና ነኝ ጌታዬ» ይባባሉና ወዲያው ለእኔ ያቀብለኛል። አምና በነሐሴ ይዤው ወደ ደሴ ስሄድ ሆዴን ሲበላኝ የነበረው ይኸው ነው፤ አንድ ወር ሙሉ ተፋጠው ሊቀመጡ ነው ብዬ።

ኮምቦልቻ ከአውሮፕላን ወርደን ጃኬታችንን አወለቅን፤ ሐረጎን ስንወጣ ጉሙ ውስጥ መልሰን ለበስን። ልጄ በመስኮት እያየ በጀርመንኛ «እዚህ ይበርዳታል፤ ታች ግን ይስማማታል» አለ። ስለማን እንደሚያወራ ገብቶኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ «ታራንቱላ ግዢልኝ» ብሎ ወጥሮ ይዞኛል። መዳፍ የሚያክል፣ አንዳንዱም ከዚያ የሚበልጥ ፀጉራም ሸረሪት ነው፤ ጀርመን አገር እንደ ዓሣ በመስታወት ሣጥን የሚያሳድገው ሰው ብዙ ነው። ሃም በምትባል ከተማ በዓመት አራት ጊዜ ለእንዲህ ያለ እንስሳ ትልቅ ገበያ ይቆማል። እኔ «ደሴ ደርሰን ስንመለስ እናያለን» እያልኩ አቆየሁት። ይረሳዋል ብዬ ነበር።

በሁለተኛው ቀን እማዬ አቦሉን እየቀዳች ደብተሩ ላይ ሲስል አየችው።

«ምንድን ነው ጌታዬ?»

«ሸረሪት።»

«ይህን ታህላለች?» ብላ መዳፏን ዘረጋችለት። ልጄ ማስመሪያውን አነሣና ረከቦቱን መለካት ጀመረ። «እግሯ ሲዘረጋ እስከ 28 ሴንቲሜትር» አላት፤ ስሟም ጎልያድ እንደሆነ ነገራት። እማዬ ወደ እኔ ዞረች። «ጃሉት ነው እማዬ፤ ዳውድ የገደለው» ስላት ጀበናውን አስቀመጠች።

«ጃሉትን ቤትህ ልታስገባ?»

አሁን «ሐራም ነው፣ ተው» ትለዋለች ብዬ ስጠብቅ የሰውር ዋሻን ታሪክ ጀመረችለት። ነቢዩና አቡበክር ከመካ ሲወጡ ዋሻው ውስጥ ተሸሸጉ፤ ሸረሪቷ በዋሻው አፍ ላይ ድሯን አደራች፤ አሳዳጆቹም ድሩን አይተው ሰው አልገባበትም ብለው ተመለሱ። እኛ ቤት ድር ይጠረጋል እንጂ ሸረሪት አይገደልም፤ ይህን ታሪክ ስንሰማ ነው ያደግነው። ልጄ አፉን ከፍቶ አዳመጣት። ስትጨርስ ግን አንድ ነገር ማረም ነበረበት። ታራንቱላ በድር አታጠምድም፤ ጉድጓዷ አፍ ላይ ቁጭ ብላ የመሬቱን ንቅናቄ በእግሯ ታዳምጣለች፣ ከዚያ ዘላ ትይዛለች። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእጁ ነው የነገራት። እኔ ያስተረጎምኩት ጥቂት ነው።

ከዚያ ወዲያ በየቡናው ወሬያቸው ይኸው ሆነ።

እማዬ ዶሮም በግም ስታረባ የኖረች ሴት ናት፤ ጥያቄዋ ሁሉ ከዚያ ይመጣል። «ከየት ነው የምትመጣው?» አለችው። ጎልያድ ከደቡብ አሜሪካ ሰሜን፣ ከጉያና፣ ከሱሪናም፣ ከብራዚል ጫካ ናት። አፈሩ ሁልጊዜ እርጥብ መሆን አለበት፤ ለገበያ የሚቀርቡትም ብዙዎቹ ከዱር የተያዙ ናቸው። «ከዱር ያመጡት አይረባም» አለች እማዬ፤ ልጄም ደብተሩ ላይ በጎልያድ ስም ላይ አንድ መስመር አሰመረ። «አትነድፍም?» መርዟ ሰው እንደማይገድል ነገራት። የሚያስቸግረው ፀጉሯ ነው፤ ስትቆጣ በኋላ እግሯ ከሆዷ ላይ እየጠረገች ትበትነዋለች፣ ቆዳ ያሳክካል፣ ዓይን ከገባ ደግሞ ሐኪም ያስፈልጋል። የጎልያድ ፀጉር ከሁሉም የከፋ ነው። ሌላ መስመር።

ደብተሩ ላይ ሳትሰረዝ የቀረችው ላሲዮዶራ ፓራሂባና የምትባል ሌላ ታራንቱላ ነበረች። የሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ሸረሪት ናት፤ ጥቁር ገላ ላይ ሮዝ ፀጉር፣ ስታድግ ወደ 25 ሴንቲሜትር የምትጠጋ። በሰው እጅ በብዛት ትፈለፈላለች፣ ጠንካራ ናት፣ ቶሎ ታድጋለች። «ስንት ዓመት ትኖራለች?» ሴቷ ከ10 ዓመት በላይ፤ ወንዱ ግን ከጎለመሰ በኋላ ብዙም አይቆይም። ትንሿን ገዝቶ ማሳደግ ደስ ይላል፣ ይረክሳልም፤ ጾታዋ ግን አይታወቅም። እማዬ ሳቀች። «ጫጩት የገዛ ሰው አውራ ይሁን ሴት በምን ያውቃል? ቄብ ግዛ!»

ቄብ የሚለውን ቃል ልጄ ያኔ ነው የተማረው። እንቁላል ልትጀምር የደረሰች፣ ሴትነቷ የለየላት፣ ገና ያላረጀች ዶሮ። ለሸረሪትም ልክ ነው፤ ከጣለችው ቆዳ ውስጥ ታይቶ ሴትነቷ የተረጋገጠ ትሸጣለች። የተስማማሁት እዚያ ላይ ነው።

የከበደን መኖው ነው። ልጄ በቪዲዮ አይጥ ስትበላ አይቷል። እማዬ «ከነነፍሱ?» ብላ ፊቷን አጠቆረች፤ እሱም ማንበቡን ቀጠለና አይጥ እንደማያስፈልጋት፣ እንዲያውም በሕይወት ያለ አይጥ ነክሶ ሊያቆስላት እንደሚችል አገኘ። ነፍሳት ይበቃታል። በማግስቱ ከጎረቤት ልጆች ጋር ጦሳ ሥር ወጥቶ አንድ ሃይላንድ ሙሉ ፌንጣ ይዞ መጣ፤ ክዳኑን በሚስማር በስቶታል። «ይኼን ትበላለች?» ትበላ ነበር። ግን እኔ በ2013 መባቻ አንበጣው ወሎን ሲወር በአውሮፕላን የተረጨውን መድኃኒት አስታወስኩ። እርሻ ዳር የተያዘ ነፍሳት ምን ነክቶት እንደመጣ አይታወቅም፤ መርዙን ሸረሪቷ ትወርሰዋለች። ፌንጣዎቹን ግቢው ውስጥ ፈታቸው፤ የእማዬ ዶሮዎች ደረሱባቸው።

ስለዚህ የረባ ነፍሳት መግዛት ግድ ሆነ። የሚሻለው ዱቢያ የሚባል በረሮ ነው። እኔ በረሮ ቤቴ ላስገባ ነው ብዬ ተነሣሁ። ልጄ በትዕግሥት አስረዳኝ፤ ለስላሳ መስታወት አይወጣም፣ ሌሊት አይጮህም፣ ሥጋም አለው። እማዬ የጠየቀችው ሌላ ነው። «እነሱስ ምን ይበላሉ?» ፉርሽካና ካሮት ሲላት ራሷን ነቀነቀች። «ላም የበላችውን ነው የምታልበው። እነሱን በደንብ አብላ።»

መጠኑ ላይ ግን አንድ ከባድ ነገር መጣ። ልጄ እንደ ቀላል ነገር «ሁለት ወር ሳትበላ ትቆያለች» አላት። እናቴ 77ን ደሴ ሆና ያየች ሰው ናት፤ ዝም አለች። ሲኒው እጇ ላይ ቀረ። ልጄ ያጠፋው ነገር ያለ መሰለውና አየኝ።

«እያለህ ታስርባታለህ?» አለችው በመጨረሻ።

«እኔ አይደለሁም እማማ። እሷ ናት እምቢ የምትለው። ቆዳዋን ልትቀይር ስትል ትጾማለች።»

«ውሃስ?»

«ውሃ ሁልጊዜ አለ።»

«እንዲያ ከሆነ ይሁን።»

ያን ቀን ማታ ስለ 77 ጠየቀኝ። የማውቀውን ነገርኩት።

ስንመለስ ገዛናት። ሣጥኗ ሰፊና ዝቅ ያለ ነው፤ ከባድ ሸረሪት ከከፍታ ከወደቀች ሆዷ ይፈነዳል። ለዚህም ነው ከልክ በላይ እንድትሰባ የማይፈለገው። በሳምንት ወይም በአሥር ቀን አንዴ ትበላለች። አንድ ጊዜ እምቢ ስትል በረሮውን እዚያው ትቼ አደርኩ፤ ልጄ ጠዋት አይቶ ተቆጣኝ። ቆዳ በምትቀይርበት ሰዓት ገላዋ ለስላሳ ስለሆነ፣ ሳይበላ የቀረ ነፍሳት ሊጎዳት ይችላል። ሌላ ቀን የውሃ ሳህኗን ያለ ጓንት አጠብኩና እጄን ሲያሳክከኝ ሰነበተ።

ዘንድሮ ደሴ ስንገባ ልጄ ከሻንጣው የብስኩት ጣሳ አወጣ። ጥጥ ላይ የተኛ የጣለችው ቆዳ ነው። «በእጅሽ አትንኪው፣ ፀጉሩ ያሳክካል» አላት። አማርኛው ተስተካክሏል። እማዬ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች። ስምንቱ እግር፣ ጥርሶቹ ሳይቀሩ፣ ሮዝ ፀጉሩ እንዳለ፤ ጀርባው እንደ ክዳን ተከፍቷል፣ ውስጡ ነጭ ነው።

«ባዶ ናት?»

«ባዶ ናት። ከዚህ ነው የወጣችው።»

«አሁን ማን ጋ ትታችኋት መጣችሁ?»

«ጎረቤት ጋ። ውሃ ብቻ ነው የምትሰጣት። ጥርሶቿ እስኪጠቁሩ ጠብቄ፣ ከመምጣታችን በፊት አብልቻታለሁ።»

«ምን አበላሃት?»

«ሁለት በረሮ። ካሮት የበሉ።»

እማዬ ቶናው እስኪደርስ ጣሳውን ሳትከድን ፊቷ አስቀምጣ ቆየች።