ለሁለት ባትሪ ገብቼ

ዛሬ ሱፐርማርኬት የገባሁት ለሁለት ባትሪ ነበር፣ ለግድግዳው ሰዓት። ቢበዛ ሦስት ደቂቃ ብዬ።

መደርደሪያው ጋ ስደርስ ከጣሪያው ስፒከር አንድ የድሮ ዘፈን ጀመረ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ማንም ጆሮ አልሰጠውም። እኔን ግን እግሬን ያዘኝ። አባቴ ጠዋት ጠዋት ጢሙን ሲላጭ የሚያፏጨው ዜማ ነው! ሁሌም መሃል ላይ ያቋርጠዋል። ምላጩ አገጩ ስር ሲደርስ ከንፈሩን ገጥሞ ዝም ይላል። ከዚያ ካቆመበት ሳይሆን ትንሽ ወደኋላ መለስ ብሎ ይቀጥላል። ስፒከሩ ያቺን ቦታ ዝም ብሎ አለፋት። ዘፈኑ የተሳሳተ መሰለኝ። እውነቴን ነው፣ "ኧረ እዚህ ጋ ይቆማል" ልል ምንም አልቀረኝም።

ወለል የምትወለውለው ልጅ "ይቅርታ፣ እግርዎን" ስትለኝ ነው የነቃሁት።

ሮናልድ ሚሊማን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1982 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ ዝግ ያለ ሙዚቃ ሲከፈት የገበያተኛው እርምጃም ይዘገያል፤ ሽያጩም ፈጣን ሙዚቃ ከሚከፈትበት ጊዜ በ38 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኝቷል። ይሁን። እኔን ያቆመኝ ግን ፍጥነቱ አይመስለኝም። ሙዚቃውን የመረጠው ሰው አባቴን ከየት ያውቀዋል?

ቤት ስደርስ ፌስታሉን ከፈትኩ። የመላጫ ሳሙና አለ። እኔ እኮ የምላጨው በማሽን ነው።

ባትሪው የለም።