የዓባይን ዳገት ለሚወጣ አይሱዙ የተገጠሙ ጌጆች

የጭነት መኪናችን ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ዳሽቦርድ ስለ ሞተሩ የሚናገረው የውሃውን ሙቀትና የዘይቱን ሁኔታ ብቻ ሲሆን፣ ተርቦ (በጭሱ ጉልበት ዞሮ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) ላለው የናፍጣ ሞተር ይህ አይበቃም። ማዳበሪያ ጭኖ ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ በሚያሻቅብ መኪና ላይ የጭሱ ሙቀት በሰከንዶች ውስጥ ሲንር፣ የራዲያተሩ መርፌ ገና ንቅንቅ አይልም።

ስለዚህ ደብረ ማርቆስ ጋራዥ ገብተን የተርቦውን የአየር ግፊትና የጭሱን ሙቀት የሚለኩ ሁለት ጌጆች አስገጠምን። የግፊቱ ቀላል ነው፤ ከኢንተርኩለሩ (የተጨመቀውን አየር ከሚያቀዘቅዘው) ወደ ሞተሩ ከሚገባው መስመር ላይ ቀጭን ጎማ መቀጠል ነው።

የሙቀቱ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። መለኪያው ዘንግ ከተርቦው በፊት፣ በጭስ ማኒፎልዱ (ጭሱን ከሞተሩ ሰብስቦ ወደ ተርቦው በሚያደርሰው ቧንቧ) ላይ መግባት አለበት፤ ከተርቦው በኋላ ከገባ ጭሱ ጉልበቱን ለተርባይኑ ሰጥቶ ስለሚቀዘቅዝ፣ ጭነት ላይ ንባቡ ከ100 ዲግሪ በላይ ዝቅ ሊል ይችላል። ማኒፎልዱን ሳያወልቁ የሚበሱ መካኒኮች አሉ፤ እኔ አልስማማም፤ አንዲት የብረት ፍርፋሪ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊሽከረከር የሚችለውን ተርባይን ክንፍ ልትሰብር ትችላለች። የእኛ መካኒክ አውልቆ በሳው፣ ጥርስ አወጣለት፣ በአየር አጸዳው፤ የመጋጠሚያውን ማሸጊያ ጋስኬትም በአዲስ ተካ (ወጪው የሚያስቆጭ አይደለም)።

አሁን መርፌው ወደ 700 ዲግሪ ሲጠጋ ሾፌራችን ማርሽ ቀንሶ ነዳጁን ያላላል። ደጀን ሲደርስም ሞተሩን ወዲያው አያጠፋም፤ የጋለ ተርቦ ውስጥ የቆመ ዘይት ተቃጥሎ ኩሽኔታውን ስለሚጎዳ፣ ሙቀቱ ወደ 200 ዲግሪ እስኪወርድ ይጠብቃል።