ለአራተኛ ጊዜ

ትናንት ማታ «ላየን ኪንግ» የተባለውን ሙዚቃዊ ቴአትር ለአራተኛ ጊዜ አየሁት። ለጓደኛዬ ስነግራት «እንዴ! መጨረሻውን ታውቂው የለ?» አለችኝ። አውቀዋለሁ። ንጉሡ አንበሳ ሙፋሳ እንደሚሞት፣ ልጁ ሲምባ ተመልሶ እንደሚነግሥ ትኬት ሳልቆርጥም አውቅ ነበር። እኔ የምሄደው ታሪኩን ፍለጋ አይደለም።

መጀመሪያ የሄድኩት ለንደን በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ትርኢቱ እንደ ፈረንጆቹ ከ1999 ጀምሮ ሊሲየም ቴአትር እየታየ ነው። ርካሹን ትኬት ቆርጬ ጣሪያው ሥር ተቀመጥኩ። መብራቱ ጠፍቶ የዝንጀሮዋ የራፊኪ ጥሪ ተሰማ። «አንበሳ መጣ» የሚል የዙሉ ጥሪ ነው። ሌሎቹ ተቀበሏት። ወዲያው ታች የተቀመጠው ሕዝብ ባንዴ «ዋው!» ሲል ሰማሁ። ምን አይተው ነው? አንገቴን ባሰግግም አይታየኝም። ያቺ «ዋው» ሲከነክነኝ ከረመ።

ለሁለተኛው ጊዜ ገንዘብ አጠራቅሜ ታች፣ መተላለፊያው ዳር ተቀመጥኩ። ለካ ዝሆን ነው! በሕዝቡ መሀል ቀስ እያለ ይመጣል። በየእግሩ ውስጥ አንዳንድ ሰው አለ። አራት ሰዎች አንድ ዝሆን ሆነው ሲያልፉ እግሩ ሊነካኝ ምንም አልቀረው። የአንዱን ትንፋሽ ሰማሁት።

አዘጋጇ ጁሊ ቴይሞር ናት፤ በዚህ ሥራ በ1998 በሙዚቃዊ ቴአትር ዝግጅት ቶኒ የተባለውን የአሜሪካ የቴአትር ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። ተዋንያኑን ልትደብቃቸው አልፈለገችም። ቀጭኔው እጁም እግሩም ላይ ረጃጅም ምርኩዝ ያሰረ ሰው መሆኑ ፍንትው ብሎ ይታያል። የአንበሶቹ ጭምብል ከራሳቸው በላይ ስለሆነ ፊታቸውም አይሸፈንም። የሙፋሳ ክፉ ወንድም ስካር ተቆጥቶ ጎንበስ ሲል ጭምብሉ ወደ ፊቱ ይወርዳል። መጀመሪያ ቀን ዓይኔ ጭምብሉ ላይ ነበር። ሁለተኛው ቀን ከሥሩ ያለውን ፊት አየሁ። ሁለቱንም ባንድ ምሽት ማየት የሚችል ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሦስተኛው ቀን ስካርን የተጫወተው ሌላ ሰው ነበር። በሳምንት 8 ጊዜ በሚታይ ትርኢት ሰው መታመሙ አይቀርም። ብዙ ሚና አጥንተው የሚጠብቁ «ስዊንግ» የሚባሉ ተዋንያን ያሉትም ለዚህ ነው። ቃሉም ዜማውም ያው ነው። ግን የበፊቱ ይጮኻል፤ ይሄኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያባብላል። ወንድሙን ድሮ ይወደው የነበረ መሰለኝ። ቤት ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

እኛ ዘንድ ይሄ መቼ እንግዳ ነገር ሆነ? ጥምቀት ሲደርስ «አምና ጃን ሜዳ ሄጃለሁ» ብሎ የሚቀር ማን አለ? ወረቡ ያው ነው፣ ጸናጽሉም መቋሚያውም ያው። ከበሮው የት ላይ እንደሚፈጥን ሕዝቡ ያውቃል። ስለሚያውቅም ልቡ ተንጠልጥሎ ይጠብቃል። ቴአትር ሲሆን ለምን «አንዴ ይበቃል» እንደምንል አይገባኝም።

ትናንት የሄድኩት ከእማዬ ጋር ነው። ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታለች። እንግሊዝኛ አትችልም። ቀድሜ ባላየው ኖሮ አልወስዳትም ነበር። የት የት ላይ ቋንቋ እንደማያስፈልግ ግን አሁን አውቃለሁ።

ሙፋሳ ከሞተ በኋላ ሴቶቹ አንበሶች ከዓይናቸው ነጭ ጨርቅ ይስባሉ። እንባ ነው። እየተሳበ ይረዝማል። ሦስቱንም ጊዜ ጨርቁ ከየት እንደሚወጣ ለማየት ስፈልግ ነው ያለፈኝ። ትናንት መድረኩን ትቼ እማዬን አየኋት። በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ፣ በሌላው እጇ ደረቷን ቀስ እያደረገች ትመታለች። ልክ ለቅሶ ቤት እንደምታደርገው።

«እንባው አላልቅ አለ እኮ» አለችኝ በሹክሹክታ።

አባዬ ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው። ቀብሩ ላይ አልነበርኩም። የእማዬን እጅ ያዝኩና አለቀስኩ። እሷም ምንም አላለችኝም፤ እጄን ብቻ ጨበጥ አደረገችው።

ባቡር ውስጥ ብዙ ዝም ብላ ቆየችና «ሌላ ቀንም ይጫወቱታል?» አለችኝ።

«ከሰኞ በቀር በየቀኑ፣ እማዬ።»

«እንግዲያ ከመሄዴ በፊት እንመለስ። ወፎቹን ሳይ ዝሆኑ ሲገባ አመለጠኝ።»