ትንፋሼ ቀደመ፣ ጅማቴ ዘገየ

ሩጫ የጀመርኩት በ45 ዓመቴ ነው። ቀደም ሲል ኳስ ስጫወት የቀኝ ተረከዜ ጅማት፣ ሐኪሞች አኪለስ የሚሉት፣ ተጎድቶብኝ ነበር፤ ባይበጠስም መሃሉ ላይ ወፈር ብሎ ቀርቷል። ከጥር እስከ መጋቢት ጅማቱን አጠነከርኩ፣ ከሚያዝያ ጀምሮ ሮጥኩ፣ ኅዳር ላይ የታላቁን ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ሳላነክስ ጨረስኩ። እንዴት እንደሆነና የቱ ላይ እንደተሳሳትኩ እነሆ።

ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ይለምዳሉ። ጅማት ግን የሚደርሰው ደም ጥቂት ስለሆነ ለመጠንከር ወራት ይፈጅበታል፤ በሩጫ ጊዜ ደግሞ በየእርምጃው ከሰውነት ክብደት 6 እስከ 8 እጥፍ ይሸከማል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች መጀመሪያ ላይ የሚያቆመው ትንፋሽ ነው። ይሄ ጥሩ ልጓም ነው። ችግር የሚመጣው ልጓሙ ሲላላ፣ ስድስተኛው ሰባተኛው ሳምንት አካባቢ ነው፤ ያኔ ሰው ጎበዝ የሆነ ይመስለዋል።

ከሩጫው በፊት የሠራሁት የደረጃ ልምምድ ስዊድናዊው የአጥንት ሐኪም ሆካን አልፍሬድሰን በ1998 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ነው። የኮንዶሚኒየም ደረጃና የሚያዝ ብረት ይበቃል። የእግር ፊተኛው ግማሽ ደረጃው ጫፍ ላይ ይሆናል፣ ተረከዝ አየር ላይ ይቀራል። በሁለት እግር ጣት ላይ ከፍ ይባላል፤ ጤነኛው እግር ይነሳና በተጎዳው ብቻ፣ ተረከዙ ከደረጃው በታች እስኪሆን ቀስ ተብሎ ይወረዳል። እስከ 4 እየቆጠርኩ ነበር የምወርደው። ለመነሳት እንደገና ሁለቱም እግሮች ይሠራሉ፤ የተጎዳው ብቻውን አይገፋም። 15 ጊዜ በ3 ዙር ጉልበት ቀጥ ብሎ፣ 15 ጊዜ በ3 ዙር ጉልበት ሸብረክ ብሎ፣ ጠዋትና ማታ። ድምሩ በቀን 180 ነው፣ ለ12 ሳምንት። ሸብረክ ያለውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ከባት ሥር ያለውን ጠፍጣፋ ጡንቻ የሚያሠራው ግን እሱ ነው፤ በሩጫ ትልቁን ሸክም የሚችለውም ያ ጡንቻ ነው።

180ው ሲቀል ክብደት ይጨመራል። በጀርባ ቦርሳ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልቶ መጨመር ነው፤ አንዱ 2 ኪሎ። በአንድ ጀምሬ አምስት ደረስኩ። ቦርሳው ከጀርባ ጋር ካልተጣበቀ ይወዛወዝና ሚዛን ያስታል።

አንድ ልዩነት አለ። ሕመሙ ጅማቱ መሃል ላይ ሳይሆን ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ከሆነ ከደረጃ በታች መውረድ ያባብሰዋል፤ ያ ሰው ወለል ላይ ይሥራ። ባትን መወጠርም እንደዚሁ ነው፣ ለእሱ አይሆንም።

ሕመምን ከ0 እስከ 10 እመዝናለሁ። በልምምድ ጊዜ እስከ 5 ችግር የለውም፣ በማግስቱ ጠዋት ወደ ቦታው ከተመለሰ። ዋናው መለኪያ ከአልጋ ሲወረድ ያሉት የመጀመሪያ እርምጃዎች ናቸው፤ ጅማቱ ተገትሮ የሚቆይበትን ደቂቃ በየቀኑ ጻፉት። ከቀደመው ሳምንት ከረዘመ የሚቀጥለው ሩጫ ይሰረዛል። ሮጠው ሲሞቁ ሕመም መጥፋቱ ምንም ማስረጃ አይደለም።

ሩጫው በሳምንት 3 ቀን፣ በመካከሉ ሁልጊዜ አንድ ቀን ዕረፍት። 10 ደቂቃ የእግር ጉዞ፣ ከዚያ 1 ደቂቃ ሶምሶማ በ2 ደቂቃ ጉዞ፣ 8 ጊዜ። ሁለት ሁለት ሳምንት እየቆየሁ ወደ 2 በ2፣ 3 በ1፣ 5 በ1፣ 10 በ1 አሳደግሁት፤ ሳይቋረጥ 30 ደቂቃ የሮጥኩት ሐምሌ ላይ ነው። ፍጥነቱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚያስወራ ይሁን። ሰንዳፋና እንጦጦ የሚሠሩት አትሌቶች እንኳ ማሟሟቂያቸውን ሲጀምሩ በጣም ቀስ ይላሉ፤ እኛ ነን ከበር ስንወጣ የምንፈተለክ።

የኔ ስህተት በሰባተኛው ሳምንት ወደ እንጦጦ ሽቅብ መሮጥ ነበር። ዳገት ላይ ቁርጭምጭሚት ይበልጥ ስለሚታጠፍ ጅማቱ ተወጥሮ ሳለ ነው የሚሸከመው። የጠዋቱ መገተር ከ2 ደቂቃ ወደ 20 ዘለለ፤ ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ ተመለስኩ። ጃንሜዳን የመሰለ ሜዳ ይሻላል። አስፋልት ጠርዙ ለጎርፍ ተብሎ ያዘነበለ ስለሆነ በአንድ በኩል ብቻ ከተሮጠ አንዱን እግር ይጎዳል፤ ሲመለሱ ሌላኛውን ዘንበል ማግኘት ነው። ክረምት ላይ ጭቃው ያንሸራትታል፣ ያኔ አስፋልቱ ይመረጣል። ውሻ ሲያባርር ደግሞ መቆም እንጂ መፈትለክ አይገባም፤ ላልሞቀ ጅማት ከድንገተኛ ሩጫ የከፋ የለም።

ጫማ ተረከዙ ከፊቱ ከ8 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ከፍ ያለ ቢሆን ጅማቱን ያሳርፈዋል። ሰልባጅ የሚገዛ ሰው ላዩን ሳይሆን ሶሉን ይይ፦ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስቀምጦ ከኋላ ሲታይ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት እንደ እንጨት ከደረቀ፣ ይተወው።

ስለ መድኃኒት ዝም ማለት አልችልም። ለሆድ ተብሎ የሚዋጠው ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለው አንቲባዮቲክና ዘመዶቹ ጅማትን ሊያቃጥሉና ሊበጥሱ ይችላሉ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2008 እ.ኤ.አ. ከባድ የሚለውን ማስጠንቀቂያ አሳትሞባቸዋል። ከ60 ዓመት በላይ ለሆነና ስቴሮይድ ለሚወስድ አደጋው ይጨምራል። ሐኪሙ ሲያዝ እንደምትሮጡ ንገሩት። ጅማቱ ላይ ኮርቲዞን መወጋትም ለመበጠስ ያጋልጣል።

ወጌሻ ባት ቢያሽ ደግ ነው፤ ያበጠውን ጅማት ራሱን ጨምቆ እንዲያሽ ግን አልፈቅድም። ድንገት ከኋላ የተመታችሁ ያህል ከተሰማችሁና በዚያ እግር ጣት ላይ መቆም ካቃታችሁ ተበጥሷል ማለት ነው፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል፣ ያውም በዚያው ቀን። ከ40 በላይ ሆኖ የደረት ሕመም ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰውም ከሁሉ አስቀድሞ ይመርመር።

«ኃይሌ ታሞም ሮጧል» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ ሲድኒ 2000 ኦሎምፒክ ላይ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ የቀደመው ተረከዙ እያመመው ነው። ከዚያ በኋላ ግን ቀዶ ሕክምና አስፈልጎታል።

በውድድሩ ቀን ከብዛቱ የተነሳ ሰው ይገፋል፣ ቆም ቀጠል ይበዛል። ክፍተት ፍለጋ ግራና ቀኝ መሹለክ ባትን ስለሚያደክም ጠርዝ ይዤ፣ አጭር አጭር እየረገጥኩ ሄድኩ። ከዚያ ለ4 ቀን አልሮጥኩም። ደረጃው አሁንም በሳምንት 2 ቀን ይቀጥላል፣ 8 ጊዜ በ3 ዙር፣ በስድስት ሃይላንድ።