እጃችንን ከሰው ኪሎ ላይ ያነሣልን አምላክ

«አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው፤ እውነተኛ ሚዛን ግን ደስ ያሰኘዋል።» ምሳሌ 11፥1።

በባቲ የሰኞ ገበያም ሆነ በደሴ እህል ለምንሸጥ ክርስቲያኖች ይህ ቃል የየዕለት ጸሎታችን ነው። እግዚአብሔር እንደሰማንም እንመሰክራለን። የለመንነው ትርፍ አልነበረም፤ እጃችን ከሰው ኪሎ ላይ እንዲነሣ ነበር። ተነሥቷል፤ ክብር ለስሙ ይሁን።

መልሱ ግን የሚመጣው በሚዛኑ በኩል ነው። ጸልዮ ሲያበቃ ሚዛኑን ሳይፈትሽ የሚሸጥ ሰው ሳያውቅ ይሰርቃል። ተንጠልጣይ ሚዛን ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት ሞላው ይላላና ባዶውን እንኳ ጠቋሚው ዜሮ ላይ አይመለስም። 50 ግራም ላይ የቀረ ጠቋሚ በየኪሎው ከገዢው 50 ግራም ያስቀራል፤ ኪሎ በኪሎ ተሸጦ ባለቀ ኩንታል 5 ኪሎ የሰው እህል እኛ ዘንድ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ጠዋት በስመ አብ ብለን ጆንያ ከመፍታታችን በፊት ጠቋሚውን እናያለን። ቀጥሎ ባዶ ጠርሙስ መዝነን፣ 1 ሊትር ውኃ ሞልተን እንደገና እንመዝነዋለን፤ ልዩነቱ 1 ኪሎ ያህል መሆን አለበት። ካልሆነ ሚዛኑ ይጠገናል እንጂ «በግምት እናካክሰዋለን» አይባልም። ባለ ሁለት ሳህኑን ለመፈተሽ ደግሞ እህሉንና የብረት ኪሎውን ቦታ ማለዋወጥ ይበቃል። ሲለዋወጡ እኩልነቱ ከፈረሰ አንደኛው ክንድ ይረዝማል፣ ወይም አንደኛው ሳህን ይከብዳል።

ጣሳና ቁና ላይ ፈተናው ይከብዳል። ከገበሬው ሲገዙ በቁልል፣ ለድሃ ሲሸጡ ጠርዙን በእጅ ጠርጎ፤ ወይም ሥሩ ወደ ውስጥ የገባ ጣሳ ለመሸጫ ብቻ ማስቀመጥ። ምሳሌ 20፥10 ሁለት ዓይነት መስፈሪያን የሚጸየፈው ስለዚህ ነው። መድኃኒቱ አንድ ጣሳ ነው፤ የገዛንበት፣ የምንሸጥበትም። ጤፍ ሲነቀነቅ ዝቅ እንደሚል የሰፈረ ሁሉ ያውቃል። ጌታችን በሉቃስ 6፥38 «የተጨቈነና የተነቀነቀ» ያለውን እኛ እንደ ቃሉ እንወስደዋለን፦ ጣሳውን ሁለት ሦስቴ ነቅንቆ ጎደሎውን መሙላት።

ጆንያው ባዶውን ተመዝኖ ይቀነሳል፤ የቃጫው ከላስቲኩ ብዙ ይከብዳል። በርበሬ ላይ ውኃ መርጨትን ግን ከሁሉ አብልጠን እንጠላለን። ክብደቱ የሚጨምረው ለጊዜው ነው፤ ኋላ ይሻግታል፣ ገዢውም ገንዘቡንም ጤናውንም ያጣል።

በወሎ ገበያ ከጎናችን የሚሰፍረው ሙስሊም ወንድማችንም ይህን አያጣውም፤ የቁርአን 83ኛ ምዕራፍ የሚጀምረው ሰፍረው የሚያጎድሉትን በመውቀስ ነው። «ወንድሜ፣ ጠቋሚህን እየው» መባባል በመካከላችን ነውር አይደለም።

ከዚህ በፊት ያጎደልነውስ? ቀራጩ ዘኬዎስ የበደልኩት ካለ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏል። ባለቤቱ የሚታወቀው ቤቱ ድረስ ተኪዶ ይመለስለታል፤ የማይታወቀው ከንስሐ አባት ጋር ተመክሮ ለነዳያን ይሰጣል። ያንን ብር ይዞ መስከረም 21 ለግሸን ማርያም ስለት ለማስገባት መውጣትን አንደግፍም፤ ብሩ የሌላ ሰው ነው።

ጸሎቱ መሰማቱ በሁለት ነገር ይታወቃል። አንዱ፣ ገዢው እህሉን ወስዶ ሌላ ሚዛን ላይ ሲያስቀምጠው ልባችን አይደነግጥም። ሁለተኛው የሚበልጠው ነው፦ እናቱ የላከችው፣ ብሩን በመዳፉ የጨበጠ፣ ቁጥር ገና ያላወቀ ልጅ ሲመጣ፣ ጣሳው ለእናቱ ይነቀነቅ የነበረውን ያህል ለእሱም ይነቀነቃል።