ቦይለሬን ጋቢ አለበስኩት፦ የሦስት ሳምንት ሙከራ

መታጠቢያ ቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቦይለር 80 ሊትር ነው። ዕድሜው ከትልቋ ልጄ ይበልጣል። ማታ አሙቀን እናጠፋዋለን። ጠዋት ልጆቹ ለትምህርት ቤት ሲሯሯጡ ውሃው ለሁሉም ሳይዳረስ ለብ ይላል። በህዳር ውርጭ ለብ ያለ ውሃ ማለት ጩኸት ማለት ነው። እንደገና እናብራው ስንል ደግሞ መብራት የለም። አዲስ አበባ ውስጥ የምትኖሩ ይገባችኋል።

ምንም ነገር ከመንካቴ በፊት ልለካ አልኩ። ባለቤቴ ለኬክ የገዛችው ቴርሞሜትር አለ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ብሬከሩን አጠፋሁና ቧንቧው ውስጥ የቆመውን ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰስኩ። ከዚያ አንድ ኩባያ ቀድቼ ስለካ 61 ዲግሪ አለ። ማንም ሙቅ ውሃ እንዳይከፍት አዋጅ አወጣሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ 51 ሆኖ አገኘሁት። በ9 ሰዓት ውስጥ 10 ዲግሪ ሄዷል። 80 ሊትር ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 0.093 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በሂሳብ ሲመጣ በአንድ ሌሊት 0.9 ኪሎዋት ሰዓት መታጠቢያ ቤቱን ስናሞቅበት አድረናል።

የመጀመሪያ ሙከራዬ ያሳፍራል፤ ግን ልንገራችሁ። ያረጀ የፍራሽ ስፖንጅ ነበረኝ። ቆራርጬ ከላይ እስከ ታች ጠቀለልኩትና በሰፊ ፕላስተር አሰርኩት። የታችኛውን ክዳን ሳይቀር ሸፈንኩ። በአራተኛው ቀን መታጠቢያ ቤቱ እርጥብ ውሻ ውሻ መሽተት ጀመረ። ስፖንጁን ከታች ስጨምቀው ውሃ ወረደ።

ቦይለሩ ቀዳዳ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ ጥፋቱ የኔ ነው። ውሃ ሲሞቅ ያብጣል። 80 ሊትር ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲወጣ ከአንድ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል። ትርፉ በሴፍቲ ቫልቩ በኩል ጠብ ጠብ እያለ ይወጣል። እኔ ቫልቩን ስፖንጅ ስላለበስኩት ጠብታውን ሁሉ ስፖንጁ ጠጣው። ቫልቩ እንዲንጠባጠብ ተዉት፤ አትድፈኑት፣ አትሸፍኑት። ኤሌክትሪሺያኑ ጎረቤቴ ደግሞ ሥራዬን አይቶ «ቤትህን ልታቃጥል ነው እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው። የታችኛው ክዳን ውስጥ ቴርሞስታቱ (የሙቀት መቆጣጠሪያው) እና ሽቦዎቹ አሉ። የፍራሽ ስፖንጅ ደግሞ እሳት ካገኘ ነዶ ነው የሚያልቀው። የዚያኑ ዕለት ሁሉንም ገፍፌ ጣልኩ።

ሁለተኛው ዙር ከቧንቧው ጀመረ። ከቦይለሩ የሚወጣው የሙቅ ውሃ ቧንቧ ባዶውን ነበር፤ ቦይለሩ ሥር ስትነኩት ያቃጥላል። የኤሲ ሠራተኞች ቱቦ ላይ የሚያለብሱትን ጥቁር ስፖንጅ ከመርካቶ ገዛሁ። ጎኑን በምላጭ ሰንጥቄ አለበስኩትና አፉን በፕላስተር ዘጋሁት። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ውጤቱ? ከ61 ተነስቶ 52 ላይ አደረ። አንድ ዲግሪ። ለሃያ ደቂቃ ሥራ አልከፋም፤ ግን የልጆቹን ጩኸት አላስቆመም።

ከዚያ ግላስ ዉል (ከመስታወት ክር የተሠራ ጥጥ መሳይ መሸፈኛ) አመጣሁ፣ 5 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው፣ አንድ ፊቱ ፎይል የሆነውን። ስትሠሩበት እጅጌ ረጅም ልብስ፣ ጓንትና ማስክ አትርሱ። እኔ ጓንት ረስቼ ሁለት ቀን ሳክክ ከረምኩ። ብሬከሩን አጥፍቼ፣ መብራት አለመኖሩን በቴስተር አረጋግጬ፣ ፎይሉን ወደ ውጭ አድርጌ ዙሪያውንና አናቱን ሸፈንኩ። የታችኛውን ክዳን፣ ቫልቩንና ሽቦ የሚገባበትን ባዶ ተውኩ። መታጠቢያ ቤት እንፋሎት አያጣውም፤ ግላስ ዉል ከራሰ ደግሞ ዋጋ የለውም። ስለዚህ መጋጠሚያውን ሁሉ በፎይል ፕላስተር ዘጋሁ።

እዚህም ተሳስቻለሁ። እንዳይወድቅ ብዬ ወገቡን በገመድ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ማታ በእጄ ጀርባ ስዳብሰው ሌላው ቦታ ቀዝቃዛ ሲሆን ገመዱ ሥር ይሞቃል። ጋቢን አስቡት። የሚያሞቀን በድርቡ መሃል የታሰረው አየር ነው። ግላስ ዉልም እንደዚያው ነው፤ ሲጨፈለቅ አየሩ ይወጣል። ገመዱን ፈትቼ በሰፊ ፕላስተር ላላ አድርጌ ያዝኩት።

በማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት፦ 56 ዲግሪ። ሁለት ጊዜ ለካሁ። ከግድግዳው ጋር የተጣበቀው ጀርባው አሁንም አልተሸፈነም። ክፍተቱ ጣት አያስገባም፤ ቦይለሩን ካላወረድኩ አይሆንም፣ አላወርደውም።

በገንዘብ ካያችሁት ቁጠባው በሌሊት ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ማንንም ሀብታም አያደርግም። ገላችሁን ከመታጠባችሁ ትንሽ ቀደም ብላችሁ አብርታችሁ ሙቁን ውሃ ወዲያው የምትጨርሱት ከሆነ ደግሞ ባትለፉ ይሻላል፤ ልብሱ የሚጠቅመው ሙቅ ውሃ ለሚያሳድር ቤት ነው። ቴርሞስታቱን ዝቅ ማድረግ ይቀላል የምትሉኝም ትኖራላችሁ። እኔ ከ60 አላወርደውም፤ ለረጅም ጊዜ ለብ ብሎ የቆመ ውሃ ሳንባ ለሚያሳምመው ሊጂዮኔላ ባክቴሪያ ይመቻል።

ባለፈው ሐሙስ ሌሊት መብራት ጠፍቶ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት አልመጣም። ሦስቱም ልጆች በሙቅ ውሃ ታጥበው ወጡ። የመጨረሻው ትንሽ አጉረመረመ፤ እሱ ግን ሁልጊዜ ያጉረመርማል።

አሁን የቀረኝ የኩሽናው መስመር ነው። 6 ሜትር ያህል ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ይሄዳል። እዚያ አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ቆሞ ይቀዘቅዛል፤ አንድ ብርጭቆ ለማጠብ እሱን ሁሉ እናፈሳለን። ግድግዳ ሳይፈርስ መላ ያገኘ ካለ ይንገረኝ። እስከዚያው የኩሽናው ቧንቧ ሥር ጆግ አስቀምጫለሁ፤ አበባዎቹን አጠጣበታለሁ።