«ሰፈራችሁ የማን ነው?»

ጅማ በገባሁ በማግስቱ፣ ሻንጣዬን በቅጡ ሳልፈታ ነው ጥያቄው የመጣው። አጂፕ አካባቢ አጎቴ ቤት ነን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። እትዬ ቡና ይቆላሉ። ጋሼ ባለ ሦስት እግር በርጩማቸው ላይ ተደላድለው፣ «እስቲ ንገሪኝ፣ እናንተ ሰፈር የማን ነው?» አሉኝ።

የየትኛው ፓርቲ ነው ማለታቸው ነው። ጋሼ ከሬዲዮ አይለዩም። ስለ ትራምፕ ከኔ የበለጠ ያውቃሉ።

የምኖረው ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ባለች ትንሽዬ ከተማ ነው። ከዋሽንግተን ብዙም አትርቅም። ካውንቲው ድሮ የሪፐብሊካን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1964 በኋላ ለፕሬዝዳንትነት ዴሞክራት የመረጠው በ2004 ነው፤ ጆን ኬሪን። ከዚያ ወዲህ ተመልሶ አያውቅም። በ2020 ባይደን ወደ 70 በመቶ አገኘ። በ2024 ሃሪስ ዝቅ ብላ 66 ገደማ ላይ ቆመች። ምን ተፈጠረ ካላችሁ፣ አንዱ ምክንያት ነዋሪው መለወጡ ነው። ኮሪያው፣ ህንዱ፣ ሳልቫዶሩ፣ የኛም ሰው ገባ። የተማረና የመንግሥት ሥራ ያለው በዛ።

«በቃ የዴሞክራት ነዋ!» አለ የአጎቴ ልጅ ከስልኩ ቀና ሳይል።

እሱ እንዳለው ቀላል ቢሆንማ ጥሩ ነበር።

ድምፅ የምንሰጠው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂም ውስጥ ነው። ሕጉ ከበሩ 40 ጫማ፣ ማለትም 12 ሜትር ያህል፣ ሳይርቁ መቀስቀስ ይከለክላል። ስለዚህ ቀስቃሾቹ ከዚያች መስመር ወዲያ ቆመው ይጠብቁሻል። ያን ቀን አንዲት ሴትዮ ገና ከመኪናዬ ስወርድ ሮጣ መጥታ የዴሞክራቶቹን ዝርዝር እጄ ላይ አደረገች። አጠገቧ የቆመው የሪፐብሊካኑ ሰውዬ ደግሞ አየት አደረገኝና ወደ ቡናው ተመለሰ። አንድም ቃል አልተነፈስኩም! ግንባሬ ላይ ተጽፏል እንዴ? እሁድ ጠዋት ነጠላዬን ለብሼ ቅዳሴ ስሄድ ቢያየኝ ምናልባት ወረቀቱን ይሰጠኝ ነበር።

እኛ ሐበሾች እንደሆን ለአንዱም አንመችም። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ሻይ ይዘን ስንጨቃጨቅ መስማት ነው። ሱቅ ያለው ግብር ግብር ይላል። እናቱን ሊያስመጣ ፎርም የሞላው ስለ ኢሚግሬሽን እንጂ ሌላ አይሰማም። በ2020 ትራምፕ ግብፅ ግድቡን ታፈነዳዋለች ብሎ ሲናገር ያበደ ሁሉ፣ በዓመቱ ጦርነቱ ላይ በባይደን ፖሊሲ ተናደደ። ቨርጂኒያ አገረ ገዥ የምትመርጥበት ዓመት ነበር። ለሪፐብሊካኑ ያንግኪን የቀሰቀሱ የኛ ሰዎች ነበሩ። ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል፣ ሊያስወጣ መሆኑን ባይደን ለኮንግረስ ያሳወቀው በኛ አቆጣጠር ጥቅምት 23፣ ልክ በምርጫው ቀን ነው። ያንግኪን አሸነፈ። በኛ ድምፅ ነው ብሎ የሚፎክር አለ፤ እኔ አልፎክርም። የዚያ ሰሞን ወሬ በሞላ የትምህርት ቤት ጉዳይ ነበር።

«እሺ የትልቁ ይሁን፤ የከተማችሁስ?» አሉ ጋሼ።

የከተማው ምክር ቤት ምርጫማ ጭራሽ ፓርቲ የለውም። ወረቀቱ ላይ ስም ብቻ ነው። ባለፈው የተጣላነው በእግረኛ መንገድ ነው። አንደኛው ተወዳዳሪ እኛ መንገድ ዳር የእግረኛ መንገድ ይሠራ አለ። ሌላው ዛፎቹ ይቆረጣሉ ብሎ ተቃወመ። በቃ ይኼው ነው። ጎረቤቶቼ የየራሳቸውን ሰው ስም ግቢያቸው ላይ ተከሉ። ፊት ለፊት ያሉት ሁለቱ፣ አንዱ ቀይ (ሪፐብሊካን) አንዱ ሰማያዊ (ዴሞክራት)፣ በፕሬዝዳንት ምርጫ አይነጋገሩም፤ በእግረኛ መንገዱ ግን አንድ ሆኑ። የሣር ማጨጃ መዋዋስ የጀመሩትም ያኔ ነው።

የእግረኛ መንገዱ ሰውዬ ተሸነፈ። በማግስቱ ሱፐርማርኬት ሰልፍ ላይ ከፊቴ ቆሞ አገኘሁት። ወተትና የድመት ምግብ ይዟል።

ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ከዚያስ?»

«ከዚያማ ከፍሎ ሄደ።»

«ምን አደረጉት?»

«ማን?»

«ያሸነፉት።»

«ምንም።»

«ምንም?»

«ምንም፣ ጋሼ።»

ዝም አሉ። በ1997 ምርጫ ሌሊት ወጥተው ተሰልፈው፣ ያመሹትን አምሽተው፣ ጣታቸውን ቀለም አስነክረው እንደገቡ ልጅ ሆኜ ሰምቻለሁ። ያንን ሲያስቡ መሰለኝ፤ አልጠየቅኳቸውም። እትዬ ቶናውን ቀዱ። ዝናቡ ጋብ ብሏል፤ ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል።

«ለመሆኑ ሰላም አልሽው?» አሉ ቆይተው።

«አዎ።»

«አንቺ የመረጥሽው እሱን ነበር?»

ምስጢር ነው ልል ነበር። ጋሼን ግን መዋሸት ከልጅነቴም አልሆነልኝም። «አዎ፣ እሱን ነው» አልኳቸው።

በርጩማቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። «የሚሸነፍ መምረጥማ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «በዘራችን ነው!»